በቀይ እስክሪፕቶ የተከበበ ገላ

ጠዋት ጤነኛ ሆነው ከቤትዎ ወጥተው፣ ረፋዱ ላይ ቆዳዎ እርስዎን ሳያማክር የራሱን ሥራ ጀምሮ ያውቃል? ካልደረሰብዎት ዕድለኛ ነዎት፤ ቢሆንም ንባብዎን አያቋርጡ፣ ተራው መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም። ከደረሰብዎት ደግሞ ይህን ሲያነቡ ክንድዎን እያከኩ እንደሆነ እገምታለሁ። እኔም እየጻፍኩ እያከክሁ ነው። ይሄኛው ግን ትዝታ ብቻ ነው።

ጂንካ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሥርዓት እወዳለሁ፤ ጠመኔዎቼን በቁመታቸው ቅደም ተከተል የምደረድር ሰው ነኝ። ማስረዳትም እወዳለሁ። የስፖርት አስተማሪው ባልደረባዬ ግርማ «አንተን ሰዓት የጠየቀ ሰው ስለ ምድር ዙረት ሳይሰማ አይለቀቅም» ይለኛል። ያጋንናል። ስለ ምድር ዙረት የማወራው ሰውየው ካልቸኮለ ብቻ ነው።

ነገሩ የጀመረው ረቡዕ ጠዋት ክፍል ውስጥ ነው። እንደ አጋጣሚ የዕለቱ ትምህርት ስለ ቆዳ ነበር። ሰሌዳው ላይ የቆዳን ንብርብሮች ስዬ «ቆዳ የሰውነታችን አጥር ነው፤ ያልተፈቀደለት አያልፍም» እያልኩ ክንዴን አከክሁ። ቀጥዬ አንገቴን። ቀጥዬ በማመልከቻ ዘንጉ ጀርባዬን። ከፊት ወንበር የተቀመጠችው የክፍሉ አለቃ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ አጥርዎ ላይ የሆነ ነገር ወጥቷል።»

ክንዴን አየሁ። ሽምብራ የሚያክሉ፣ ባቄላ የሚያክሉ፣ ሳንቲም የሚያክሉ ጉብታዎች ተደርድረዋል። መሃላቸው ጠጠር ያለ፣ ጠርዛቸው የተለየ፣ ሲነኩ የሚሞቁ። እንደ እኔ ባለ ጠይም ቆዳ ላይ ቅላት እምብዛም አይታይም፤ እብጠቱ ግን ከኋላ ወንበር ይታያል። እያየኋቸው ሁለት ጎረቤታሞች ተጋጥመው አንድ ትልቅ ደሴት ሆኑ። ተማሪዎቼ ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ተመስጠው አያውቁም።

ቀኑ ረቡዕ መሆኑን ልብ ይበሉልኝ። እሁድ ሽማግሌ የምልክበት ቀን ነበር።

ትዕግሥት ወረዳው ጽሕፈት ቤት ትሠራለች። እኔና እሷ ተስማምተናል፤ አባቷም ዝም ብለዋል፤ የአባት ዝምታ እንደ እሺታ ይቆጠራል። የቀሩት እናቷ ነበሩ። ወይዘሮ አበበች ገበያው አጠገብ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላቸው። አቡጀዲ ሲገዙ ጫፉን ይዘው ወደ ብርሃን አንስተው፣ ፈትገው፣ በምራቅ ነክተው ነው። ሰውንም እንደዚያው። ሁለት ሽማግሌ ከእሳቸው ደጅ «ጨርቁ ጥሩ ነው፤ ቀለሙ ግን ይለቃል» ተብሎ እንደተመለሰ ከተማው ያውቃል።

የመምህራን ማረፊያ ክፍል ስገባ ምርመራው ተጀመረ። አገራችን ውስጥ ሐኪም ያንሳል ይባላል እንጂ መርማሪ አያንስም። አንዱ ምች ነው አለ፤ ዳማ ከሴ ታሽቶ ይቀባ። ሌላዋ ሸረሪት ሸንታብህ ነው አለች። ሦስተኛው ደም ፍላት ነው ብሎ እግሬን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እንድነክር መከረ። ግርማ ጉብታዎቹን አንድ በአንድ ካየ በኋላ ብያኔውን ሰጠ።

«ይሄ የሽማግሌ ፍርሃት ነው። ሰውነትህ ካንተ ቀድሞ ሐሳቡን ቀየረ።»

ግርማን ትቼ ወደ ክሊኒክ ሄድኩ። ተረኛዋ ነርስ ሁሉም ሲስተር የሚሏት ረጋ ያለች ሴት ናት። ክንዴን አየች፤ ትንፋሼን አዳመጠች፤ አፌን አስከፍታ ምላሴን አየች።

«ትናንት ምን በላህ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ለኔ ግብዣ ነው። ከቁርስ ጀመርኩ። ትናንት ለትዕግሥት ቤተሰብ ስጦታ የሚሆን ማር ፍለጋ ካኮ ገበያ ወርጃለሁ። ማር ሳይቀምሱ መግዛት የፈተና ወረቀት ሳያዩ ማርክ መስጠት ስለሆነ ከሁሉም ሻጭ ቀመስኩ። ሁለተኛውን ካልቀመስኩ የመጀመሪያውን መመዘን ስለማልችል ተመልሼ ቀመስኩ። ማታ ደግሞ ግርማ ከኦሞራቴ የተላከለትን ዓሣ ጠብሶ ጋበዘኝ። ሸሚዜም በአዲስ ሳሙና የታጠበ ነው። ልብሱን ያጠብኩበትን ቅደም ተከተል ስጀምር ሲስተር እጇን አነሳች።

«በቃ። ከነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል። አንዱም ላይሆን ይችላል። ይሄ አለርጂ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሳይታወቅ ይመጣል፤ ሳይታወቅም ይሄዳል።»

ይህ አባባል ለባዮሎጂ አስተማሪ ምን ያህል እንደሚያም መገመት ይችላሉ። ስሙ ያልታወቀ ሌባ ቤትዎን እየበረበረ «አይጨነቁ፣ በራሱ ጊዜ ይወጣል» እንደመባል ነው።

ለነገሩ አሠራሩ ይታወቃል፤ ባጭሩ ላስረዳ። ቆዳችን ውስጥ ሂስታሚን የሚባል ቅመም አምቀው የተቀመጡ ሴሎች አሉ። ዘበኞች ናቸው፤ ያውም ደንጋጣ ዘበኞች። ድመት ስታልፍ ሌባ መጣ ብለው ፊሽካ ይነፋሉ። ፊሽካው ሂስታሚን ነው። እሱ ሲለቀቅ ጥቃቅኖቹ የደም ሥሮች ፈሳሽ ያሾልካሉ፤ ቆዳው ያብጣል፤ ያሳክካል። ድመቷ ዓሣ ልትሆን ትችላለች፤ መድኃኒት፣ የነፍሳት ንክሻ፣ ጉንፋን፣ ብርድ፣ ሙቀት ልትሆን ትችላለች። ጭንቀትም ነገሩን ያባብሰዋል። ይህን ለግርማ አልነገርኩትም።

ሲስተር የሚዋጥ የአለርጂ ኪኒን ሰጠችኝ። ሲያሳክክህ ቀዝቀዝ ያለ እርጥብ ጨርቅ አድርግበት፣ በሙቅ ውኃ አትታጠብ፣ አትፈትገው፣ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ ልበስ፣ የጠረጠርከውን ምግብ ለጊዜው ተው አለችኝ። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ከንፈርህ ወይ ምላስህ ካበጠ፣ ድምፅህ ከጎረነነ፣ ትንፋሽ ካጠረህ ግን ነገ እመጣለሁ የሚባል ነገር የለም። በዚያችው ደቂቃ ወደዚህ።»

ይህን ጨዋታ ውስጥ ስላስገባሁት እንደ ቀልድ አይለፉት።

ልወጣ ስል የመጨረሻውን ምክር ሰጠችኝ። «አንዱን እብጠት ምረጥና ዙሪያውን በእስክሪፕቶ ክበበው። እብጠቱ ቦታ ይቀያይራል እንጂ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ነገ በዚህ ሰዓት እዚያው ክብ ውስጥ ካገኘኸው ግን ተመለስና እንየው፤ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል።»

አንዱን ነው ያለችው። እኔ ደግሞ ተማሪዎቼን «በአንድ ናሙና ድምዳሜ ላይ አይደረስም» እያልኩ የማስተምር ሰው ነኝ። ስለዚህ ቤቴ ገብቼ፣ ሸሚዜን አውልቄ፣ እጄ የሚደርስበትን ሁሉ ከበብኩ። ደረቴን፣ ሁለቱን ክንዶቼን፣ በመስታወት እያየሁ አንገቴንና አገጬን። እንዳይምታታብኝ ለያንዳንዱ ቁጥር ሰጠሁት። ጀርባዬ ሲቀር አከራዬን ጋሽ ታምራትን ጠራሁ። ጋሽ ታምራት የአሪ ሰው ናቸው፤ ጓሯቸው አቮካዶና እንሰት ነው፤ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የሚይዙት እሳቸው ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከኋላዬ ተቀመጡ።

«መምህር፣ ይቺ ቁጥሯ ስንት ነው?»

«ከላይኛዋ ቀጥሎ ያለው ነው ጋሽ ታምራት።»

«እያየኋት እኮ ከጎኗ ሌላ ወለደች።»

«እሷንም ይክበቧት።»

«ይሄን ሁሉ ከብቤ ስጨርስ እንጸልይልሃለን» አሉ። «ቁጥሩን እየጠራን ነው ወይስ በጅምላ?»

አሁን ወደ ስህተቱ ልመጣ ነው። የአስተማሪ የደረት ኪስ ምን እንደሚይዝ ያውቃሉ። ሰማያዊውን እስክሪፕቶ ሰው ይበደርና አይመልስም። አስተማሪ ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ የሚተርፈው ማንም የማይበደረው ቀዩ ነው፤ ማረሚያው። እኔም ያወጣሁት እሱን ነበር። ስንት ዓመት በቀይ ስከብብ ስለኖርኩ በሌላ ቀለም መክበብ እንደሚቻልም ትዝ አላለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ስነሳ ኪኒኑ ሠርቷል፤ ማሳከኩ ቀንሷል፤ ጉብታዎቹ አብዛኞቹ ከክቦቻቸው ወጥተው ጠፍተዋል። ክቦቹ ግን አሉ። በቀዝቃዛ ውኃ ታጠብኩ፤ አሉ። በሳሙና እንዳልፈትግ ተከልክያለሁ። ሰፊ የጥጥ ልብስ ስለታዘዘልኝ የለበስኩት እጅጌ አጭርና አንገተ ክፍት ሸሚዝ ነው። በሽታዬ ቅላት አልነበረውም፤ አሁን ተገኘለት። እንዲህ ሆኜ፣ በራሴ ሙከራ መሳካት እየተደሰትኩ፣ ከተማውን ለሁለት የሚከፍለውን አሮጌ የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ አቋርጬ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ያየኝ ሁሉ ሰላምታውን ከሩቅ ሰጠኝ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ሳልጠይቀው ሙሉ ነው አለኝ፤ ውስጡ ማንም አልነበረም። ወሬው ከሜዳው ወዲህ ማዶ «መምህሩ ጭርት ወጣበት» ነበር፤ ወዲያ ማዶ ሲደርስ «መላ አካላቱን ለምጽ ወረሰው» ሆነ። ለምጽም ቢሆን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የሚያሳፍርም ነገር የለበትም። ይህን ለከተማው በሙሉ ለማስረዳት ዝግጁ ነበርኩ፤ ግን ተጠግቶ የሚሰማኝ ጠፋ።

ከሰዓት በኋላ ትዕግሥት ደወለች።

«ምን ሆነህ ነው? እማዬ ሰምታለች።»

«ቀለም ነው።»

«ቀለም ይዞህ ነው ክሊኒክ የሄድከው?»

«አይ፣ ክሊኒክ የሄድኩት በእብጠቱ ነው። ቀለሙ በኋላ ነው የመጣው። መጀመሪያ ሂስታሚን...»

«ስማኝ። ነገ ልትጠይቅህ ትመጣለች።»

«እግዜር ይስጣቸው። የታመመ መጠየቅ ጥሩ ነው።»

«ልትጠይቅህ አይደለም፤ ልታይህ ነው። «ሽማግሌ ደጄ ከመቆሙ በፊት ጨርቁን ልየው» ነው ያለችው። ካልጣማት እሁድ በር አይከፈትም። አባዬ እንደሆነ በሷ ላይ አይናገርም።»

አርብ ከሰዓት ወይዘሮ አበበች መጡ። በአንድ እጃቸው ማር የሞላ ብልቃጥ፣ በሌላው አንድ እቅፍ ዳማ ከሴ ይዘዋል። እግዜር ይማርህ ብለው ተቀመጡ። ለመጠየቅ የመጣ ሰው መጀመሪያ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ ጭቃ ያወራል። እሳቸው ስለ ምንም አላወሩም። ዓይናቸው አገጬ ላይ ነበር። ከዚያ አንገቴ። ከዚያ ክንዴ።

«ይሄ ክቡ ምንድን ነው መምህር?»

«የእስክሪፕቶ ቀለም ነው እትዬ። እኔ ራሴ ነኝ ያደረግሁት።»

«ውስጡ ያለውስ?»

«ቁጥር ነው።»

«ብዙ በሽታ አይቻለሁ» አሉ። «ተራ ቁጥር ይዞ የመጣ ግን አላየሁም።»

በሩ አጠገብ የቆሙት ጋሽ ታምራት ሊረዱኝ ፈለጉ። «የጀርባውን እኔ ነኝ የጻፍኩት» አሉ። አልረዳኝም።

«ቀለም ከሆነ ይለቃላ» አሉ ወይዘሮ አበበች። ክንዴን ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱት። የነጠላቸውን ጫፍ በምራቅ ነክተው ፈተጉ። ዕድሜዬን ሙሉ ለትምህርት ቤት በሚቀርብ እስክሪፕቶ ተማርሬአለሁ፤ ሲጽፉበት አይጽፍም። ያን ቀን ግን አለቅም አለ። ደግመው ፈተጉ። ሦስተኛውን ሲፈትጉ፣ ንጹሕ የነበረው ቆዳዬ፣ ጣታቸው ባለፈበት ቦታ ላይ ዓይናቸው እያየ ቀስ ብሎ አበጠ።

ክንዴን ለቀቁት። ነጠላቸውን ሰበሰቡ። የሚነሱ መሰለኝ፤ ከተነሱ ደግሞ እሁድ የሚሆነውን አውቄዋለሁ፤ ሽማግሌዎቼ የተዘጋ በር ፊት ቆመው ኮታቸውን ሲያስተካክሉ ታየኝ። ስለዚህ በሕይወቴ የማውቀውን አንድ ሥራ ሠራሁ። አስረዳሁ። ስለ ዘበኞቹ፣ ስለ ፊሽካው፣ ስለ ድመቷ። አሁን ያበጠውም በመፈተጉ ምክንያት ነው፤ ቁጡ ቆዳ ሲነካ ይነሳል፤ ግን ለምጽም ጭርትም እንዲህ አይመጣም፤ ይሄ ሂያጅ ነው አልኳቸው።

«ይሄ አሁን የወጣው ይሄዳል?»

«ይሄዳል።»

«ሲሄድ ይታያል?»

«ይታያል።»

ቦርሳቸውን ከፈቱ። የሱቃቸውን እስክሪፕቶ አወጡ፤ ሰማያዊ ነበር። እብጠቱን ጠርዙን ይዘው፣ እንደ ቁራጭ ጨርቅ ልኬት በጥንቃቄ ከበቡት። ከዚያ ወንበራቸውን አስጠጉ።

«እጠብቃለሁ» አሉ።

ስለዚህ ጠበቅን። ክንዴ በጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ፣ እሳቸው በአንድ በኩል፣ ጋሽ ታምራት በሌላ በኩል። ግርማ ሊጠይቀኝ መጥቶ፣ ነገሩን ሲሰማ እሱም አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እብጠት ሲጠበቅ ምን እንደሚወራ የተደነገገ ነገር የለም። ሁላችንም አንድ ክብ ላይ አፈጠጥን።

«ወጣ?» አለ ግርማ።

«ገና ነው» አሉ ጋሽ ታምራት። «ጠርዙ ላይ ነው ያለው።»

«ካልሆነ ጭማሪ ሰዓት ይሰጠው።»

«ኳስ መሰለህ?» አሉ ወይዘሮ አበበች።

«ኳስ ቢሆን እንዲህ አልጨነቅም ነበር እትዬ።»

እኔን ማንም አላናገረኝም። ለነገሩ ተጋጣሚው ክንዴ ነበር፤ እኔ ሜዳው ነኝ።

ወይዘሮ አበበች ዝም ብሎ መጠበቅ አይሆንላቸውም፤ የማሩን ብልቃጥ ከፈቱ። በማንኪያ ሞልተው ወደ አፌ አመጡ። «እስከዚያው ቅመስ። ማር ሆድን ያጥባል።»

ያመጡት ማር ከካኮ ነበር። ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ። ብቀምሰው ሌላ እብጠት ይነሳና የምንጠብቀው ይበላሻል፤ ከዚያም የባሰ ሊመጣ ይችላል። ባልቀምሰው ደግሞ የወደፊት አማቴን ጉርሻ በመጀመሪያው ቀን መለስኩ ማለት ነው። ማንኪያው አፌ ላይ ቆሟል።

«እትዬ፣ ሲስተር ለጊዜው ከልክላኛለች። በአንድ ሙከራ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለወጠው። ማሩን አሁን ብጨምርበት...»

«ማሬ ሙከራውን ያበላሻል ነው የምትለው?»

እንደዚያ ነበር የምለው። ማንኪያው እንደተዘረጋ ቀረ። ከማሩ አንድ ጠብታ ጠረጴዛው ላይ ወደቀች። ያኔ ጋሽ ታምራት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወይዘሮ አበበች፣ የታመመው መጉረስ ባይችል አከራዩ ይጎርስለታል። በእኛ ዘንድ እንዲህ ነው» ብለው አፋቸውን ከፈቱ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ ግርማ።

«ከዛሬ ጀምሮ» አሉ ጋሽ ታምራት፤ ጎረሱ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛውንም ጎረሱልኝ። «የሚጣፍጥ ማር ነው» አሉኝ፤ «ምስጋናህን አድርሻለሁ።»

ወይዘሮ አበበች ማንኪያውን ብልቃጡ ላይ ሲያሳርፉ የከንፈራቸው ጫፍ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ሳቅ ነበር ለማለት አልደፍርም። ከዚያ ወደ ክንዴ ተመለሱ። ክንዴን ያዙት። እንደገና ወደ መስኮቱ አነሱት፤ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ አዘነበሉት። በአውራ ጣታቸው ቀስ ብለው ዳሰሱት፤ በዚህኛው ጊዜ አልፈተጉም።

ሰማያዊው ክብ ባዶ ነበር። ቆዳው እንደ ማንም ሰው ቆዳ ለጥ ብሏል።

«ሄደ» አሉ።

«ኧረ እዚህ ሌላ አለ» አለ ግርማ ከኋላዬ፤ «ከጆሮው ሥር።»

እጄን ወደ ጆሮዬ ላክሁ። ወይዘሮ አበበች ግን ተነስተው ከጆሮዬ ሥር አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «መምህሩ ያለው ልክ ነው። የጨርቅ እንከን አንዴ ከተገኘ እዚያው ነው የሚኖረው። ይሄ እንግዳ ነው፤ ሲያድር ይሄዳል።» ዳማ ከሴውን ለጋሽ ታምራት ሰጡ፤ ማሩን ጠረጴዛው ላይ ተዉ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞሩ።

«ልጄ» አሉኝ። እስከዚያች ሰዓት መምህር ነበርኩ። «ሽማግሌዎቹ እሁድ በጊዜ ይምጡ። አንተ ደግሞ ያንን ቀይ እስክሪፕቶ ለተማሪ ተወው።»

እሁድ በሩ ተከፈተ። የትዕግሥት አባት ዝምታቸውን ሰብረው «ጤናውስ?» ብለው ሲጠይቁ፣ ሽማግሌዎቼ መልስ ሳይሰጡ ወይዘሮ አበበች ከጓዳ «ቀለም ነው፤ ራሴ አይቼዋለሁ» ማለታቸውን ከሽማግሌዎቹ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ጤናዬ የጠየቀ የለም።

እብጠቱ ጥቂት ቀን ሲመጣ ሲሄድ ቆይቶ ተወኝ። ሲስተር ፈቅዳልኝ፣ ክሊኒኩ ውስጥ እሷ እያየችኝ ማሩን ቀመስኩ፤ ምንም አልሆንኩም። ዓሣውም ነፃ ወጣ። ሳሙናውም። ሌባው ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ግርማ አሁንም ሽማግሌው ነው ይላል፤ ከሠርጋችን በኋላ አንድም ቀን አልወጣብህም እያለ ማስረጃ ያቀርባል። በአንድ ናሙና ድምዳሜ ላይ አይደረስም እለዋለሁ።

እርስዎም አንድ ቀን ቆዳዎ ድንገት ተነስቶ ሲያሳክክዎ፣ ትንፋሽዎና ከንፈርዎ ደህና ከሆኑ፣ ምች ነው ሸረሪት ነው ከማለትዎ በፊት ይህን ይሞክሩት። እስክሪፕቶ ያንሱ፤ ሰማያዊ ይሁን። አንዱን ብቻ ይክበቡ፤ ልብስ የሚሸፍነውን። ቁጥር አይጻፉበት። ከዚያ ቁጭ ብለው ሲሄድ ይዩት። አጠገብዎ የወደፊት አማትዎ ካሉ ደግሞ እስክሪፕቶውን ለእሳቸው ይስጧቸው።